ጠባቂ ያለው መስክ

መጠበቅ የሚወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ወረታ በተመደብኩ ዓመት አንድ አገኘሁ። ከተማው የግጦሹን መስክ ሊውጠው ደርሶ ስለነበር፣ ቤት እንዳይሠራበት ለመጠበቅ የመንግሥት ድጋፍ ይዞ የመጣ ባለሙያ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ለምለም ሣር ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀራል።

ታዲያ ከሩቅ ሆኖ ይጠብቅ? ምን ሲደረግ። መስኩ መሃል ቢሮ አሠራ። ቢሮው ዘበኛ ያስፈልገዋልና የዘበኛ ቤት ተጨመረ። ጥበቃውን ሊጎበኝ ለሚመጣ እንግዳ ደግሞ አዳራሽ ቆመ። ከብቶቹ በግድግዳዎቹ መካከል እየተጋፉ የተረፈችውን ሣር ይግጣሉ።

አንድ ቀን የከብቶቹ ባለቤት፣ ሽማግሌው አያ አድማሱ፣ «ልጄ፣ ለምን ትደክማለህ? ይህ መስክ እኮ ጠባቂ አለው» አሉት።

«ማነው? አላየሁትም።»

«አንተ የመጣኸው በበጋ ነዋ። እሱ የሚመጣው በክረምት ነው።»

«ደመወዙን ማን ይከፍለዋል?»

«ደመወዝ አያውቅም።»

ባለሙያው ሳቀ። እውነቱን ነው፤ በነጻ የሚሠራ ጠባቂ በየትኛው እቅድ ላይ ይጻፋል?

ነሐሴ ገባ። አያ አድማሱ እንደ ልማዳቸው ከብቶቻቸውን አስቀድመው ወደ ደጋ ሰደዱ። ከዚያ የርብ ወንዝ ሞላ፤ መስኩ ሁሉ ውሃ ሆነ። የዘበኛው ቤት ፈረሰ፣ አዳራሹም ተከተለው። እኔና ሽማግሌው በታንኳ ስንደርስ፣ ባለሙያው የጥበቃ ሪፖርቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ታቅፎ ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል።

አያ አድማሱ ታንኳቸውን መስኮቱ ሥር አስጠጉ።

«ና ውረድ፣ ልጄ» አሉት ረጋ ብለው። «ጠባቂው ሥራ ገብቷል።»