የወዳጆ ሳል

ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ክፍል ኃላፊ የሆኑት አቶ ታዲዎስ ለባልደረባቸው ለወዳጆ ጤና ያሳዩት ተቆርቋሪነት በአርአያነቱ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። እሳቸውና ወዳጆ ለዘመናት በጓሮው ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ቆመው አጭሰዋል። ሆኖም አቶ ታዲዎስ ባካሄዱት ጥልቅ ግምገማ ሲጋራ የሚጎዳው ወዳጆን ብቻ መሆኑ ተረጋግጧል።

«ይሄ ሳልህ አላማረኝም» አሉት አንድ ቀን፣ ሲጋራውን እየለኮሱለት።

«አንተስ ትስል የለ እንዴ?»

«የእኔ የመንገድ ሥራው አቧራ ነው። ደግሞ እኔ ወደ ውስጥ አልስበውም፤ በማኪያቶ ነው የማጨሰው። አንተ ግን በባዶ ሆድህ።»

ወዳጆ ገና ያልደረሰች ልጅ አለችውና ፈራ። አቶ ታዲዎስም የመንግሥትን የሥራ ሰዓት ያለ ስስት መሥዋዕት አድርገው ራሳቸው ክሊኒክ ወሰዱት። ዶክተር ፍሬሰላም ወዳጆን ስታዳምጥ ከጀርባዋ የሚስለው አስታማሚ አላሰማ ስላላት ሁለቱንም ራጅ አስነሳቻቸው።

«አቶ ወዳጆ፣ የእርስዎ ብርድ ነው፤ ሲጋራውን ግን ያቁሙ» አለች ውጤቱን አይታ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አቶ ታዲዎስ፣ በእርስዎ ሳንባ ላይ ያየሁት ነገር ጥሩ አይደለም። ዛሬ ነገ ሳይሉ ትልቅ ሆስፒታል ይሂዱ።»

አቶ ታዲዎስ ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ መረመሩና ፊልሞቹ ተቀያይረዋል ከሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ።

ታክሲ ውስጥ ወዳጆ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እባክህ ነገውኑ እንሂድ፣ እኔ እወስድሃለሁ» አላቸው።

«አይዞህ፣ ጠንከር በል» ብለው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። ከታክሲ ሲወርድ የሲጋራ ፓኮውን ቆሻሻ ውስጥ ሲጥል ባዩት ጊዜም ከንፈራቸውን መጠጡለት። ሰውየው መሞቻው ታውቆት ነው።

ቤት እንደገቡ ለባለቤታቸው ለአስቻለች ነገሯት። «ወዳጆን ልናጣው ነው። አደራ፣ እንዳትነግሪው።»

አስቻለች ይዘውት የገቡትን የራጅ ፊልም ወደ አምፖሉ አንስታ አየችው። «እዚህ ላይ የተጻፈው ያንተ ስም ነው እኮ።»

«እሱን ነው የምልሽ፤ ተሳስተዋል።»

«ይሁን፣ ተሳስተው ይሆናል። ሄደህ ብታረጋግጥ ምን ትሆናለህ? ስለ እኔ ስትል።» ፊልሙን መልሳ ዘረጋችላቸው።

«ሰው እየሞተብኝ አንቺ ስለ እኔ ታወሪያለሽ» አሏት በትዝብት።

ሐዘኑ ከበዳቸውና በረንዳ ወጥተው ሲጋራ ለኮሱ። ሳሉ እስኪለቃቸው ሁለት እጃቸውን ብረቱ ላይ ደግፈው ቆዩ፤ ትንፋሽ ሲያገኙም፣

«ምስኪን ወዳጆ» አሉ።