እትዬ መስቀለኛ ማዶ ተሻገሩ

በየመሥሪያ ቤቱ ሳይረግጥ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ካርታ ክፍል የደረሱን ክብርት እትዬ መስቀለኛ ናቸው፤ የመንታ መንገዶች ሁሉ ጠባቂ፣ የጥድፊያችን ሁሉ መከራ!

ሳተላይት ያነሳው ምስል ተንጋዶ ይመጣል። ለማቃናት በምስሉም በመሬቱም የሚለይ ቦታ ይመረጣል፤ መስቀለኛ መንገድ ወይም የድልድይ ጫፍ። እዚያ ቆመን በእጅ በሚያዝ ጂፒኤስ መገኛውን እናነባለን፤ ምስሉም በነዚያ ነጥቦች እንደ ቆዳ ይወጠራል። ሰነፍ አስፋልት ዳር ጥቂት ነጥብ ለቅሞ «ይበቃል» ይላል። እሳቸው ግን «ቆመህበታል?» ይላሉ።

የሚከራይ ቤት አገኘሁ ብትላቸውም «ቆመህበታል?» ነው። ልጃቸው እጮኛዬ መሬት ገዛ ስትላቸው፣ እጮኛውን ትተው መሬቱን ሊያዩ ሄዱ። አንዴ መሃል መንገድ መሣሪያቸውን አንስተው ቢገተሩ ትራፊክ ፖሊስ ሊቆጣ መጣ። ሳተላይቶቹ እስኪሰባሰቡ ነው ልጄ፣ አሉት። እሱም ወደ ሰማይ እያንጋጠጠ መኪና ሲያስቆምላቸው ዋለ።

በቀደም የጎርፍ መከላከያ ግንብ የሚሠራበት ካርታ ሊታተም ሲል፣ ነጥቦቹ ሁሉ ከወንዙ ወዲህ እንደሆኑ አዩ። አለቃችን ወንዙ ሞልቷል፣ ማዶ ጥቂት ቤት ነው፣ ትንሽ ቢዛነፍ ምን አለበት አለ። በዚህች «ትንሽ» ስንቱ ሰው ከካርታ ተገፍቷል! እትዬ ቦርሳቸውን አነሱ፤ እኔንም በክንዴ ጎተቱኝ።

በላይኛው ድልድይ ዞረን፣ ጉልበት በሚውጥ ጭቃ ማዶ ደረስን። መስቀለኛው ላይ ቆመው ሲያነቡ፣ ልብስ የምታሰጣ አንዲት እናት ጠጋ አለች።

«እማማ፣ ቤቴ ከግንቡ ውስጥ ነው ውጭ?»

«አላውቅም። አውቄ እደውልልሻለሁ» አሉና ስልክ ቁጥሯን ተቀበሉ።

ቢሮ ገብተን ነጥቦቹን ስንጨምር ምስሉ ማዶ በኩል ሸርተት አለ። መንገዱ በመንገዱ፣ ጣሪያው በጣሪያው ላይ ቁጭ! በአሮጌው ምስል ላይ የተሰመረው የግንቡ መስመር ግን ባለበት ቀረ፤ ቤቶቹ ከመስመሩ ውጭ፣ ወንዙ አፍ ላይ ወደቁ። በአሮጌው ካርታ ቢገነባ ኖሮ ግንቡ ከጀርባቸው ሊቆም፣ ጎርፉ ሊበላቸው ነበር።

አለቃችን መስመሩን አጥፍቶ ወንዙ ዳር አሰመረው። እትዬ ደወሉ። «ውስጥ ነሽ፣ እህቴ» አሉ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው የቦርሳቸውን ጭቃ ይጠርጉ ጀመር።

ለአለቃዬ፣ ከእንግዲህ እሳቸው የሚሄዱበት ሁሉ እኔንም ላከኝ አልኩት።

«መጀመሪያ ደህና ቦት ጫማ ይግዛ» አሉ እትዬ፣ ሳይዞሩ።

ገዛሁ።