ይርጉ እና የመረቡ ላይሰንስ

አበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ዋጋ ሲነገረው እንደተሰደበ የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። ዳላስ አጠገብ ባለችው በካሮልተን ይህ ሰው ይርጉ ነው። ሳክሲ በምትባል ከተማ፣ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ በሚሸጥበት ጋራዥ ሴል በአንድ ሶፋ ዋጋ ሲከራከር፣ ባለቤቶቹ ገብተው ምሳቸውን በልተው ሲመለሱ እዚያው ቆሞ አገኙት። ጥርሱን ሲነቀል እንኳን አፉ ጥጥ እንደጎረሰ ሐኪሙን “የመጨረሻውን ንገረኝ” ያለ ሰው ነው። ሚስቱ ታደለች አብራው ገበያ መውጣት ከተወች ቆየች።

ጓደኛው መዝገቡ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው ላይሰንስ ሊያወጣ ይዞት የሄደው፤ ምን ያድርግ፣ መኪናም እንግሊዝኛም ያለው ወዳጁ እሱ ብቻ ነው። መዝገቡ የዝዋይ ልጅ ነው፣ መረብ ሲጥል ያደገ። ነዳጅ ጣራ በነካበት በዚያ ሰመር፣ የባሕር ዳር ከተማ በሆነችው ጋልቨስተን ያሉ፣ በነዳጁ ውድነት ማስገር ያቆሙ አንድ አዛውንት ጀልባቸውን ሊያከራዩት ተስማሙ። ግን ባሕር ዳርቻው ላይ መረብ ጥሎ ዓሣ ለመሸጥ የመንግሥት የንግድ ፈቃድ፣ ላይሰንስ፣ ያስፈልጋል። ያን ዓርብ ላይሰንሱን ካላወጣ ጀልባው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሌዊስቪል ካርቶን የሚጭንበትን የመጋዘን ሥራ ደግሞ ለቋል።

በዚያው ዓርብ ወደ ፈቃድ ቢሮው ሲነዱ፣ መዝገቡ ይርጉን ለመነው። አስተርጉምልኝ እንጂ ዋጋ እንዳትነካ፣ ይሄ መንግሥት ነው አለው። ይርጉ “ኦኬ፣ ኦኬ” አለ። እሱ ኦኬ ሲል ነው የሚያስፈራው።

መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ የመዝገቡን መታወቂያ አገላብጣ አየችና፣ ቴክሳስ ከገባህ ገና ስለሆነ የምትከፍለው የነዋሪ ሳይሆን የውጭ ሰው ዋጋ ነው አለችው። ያ ደግሞ የነዋሪው እጥፍ ድርብ ነው። መዝገቡ የያዘው ለነዋሪ የሚበቃውን ብቻ ነበር። ቢሮው ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል።

የይርጉ ፊት ግን በራ። ክርኑን መስኮቱ ላይ አሳረፈና የመጨረሻውን ዋጋ እንድትነግረው ጠየቃት። በሕግ የተወሰነ ነው አለችው። ሕጉንም ሰው ነው ያወጣው አላት። ከኋላቸው ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀመረ። ያኔ ይርጉ መርካቶ ቢሆን ማንንም የማያስቀይም ነገር ተናገረ።

“በካሽ ከሆነስ ስንት ታደርጊልናለሽ?”

ሴትዮዋ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ጉቦ እየሰጠኸኝ ነው ወይ ብላ ቀስ ብላ ጠየቀችው። ዘበኛው ከበሩ ተነስቶ መጣ። ይርጉ በድንጋጤ ሳቀ፣ ሳቁ ደግሞ ነገሩን አባሰው። መዝገቡ ላይሰንሱ ቀርቶ እስር ቤቱ ታየው፣ ግሪን ካርዱ ሲነጠቅ ታየው። በዚያች ሰዓት ይርጉን አንቆ ቢገድለው ደስ ባለው ነበር።

“ይርጉ፣ በእናትህ” አለው ክንዱን ይዞ። “ሕይወቴ ነው።”

ይርጉ ዞሮ አየው። ከዚያ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቀ፣ እኛ አገር ለእጅ በእጅ ክፍያ ዋጋ ይቀነሳል፣ ሌላ አላሰብኩም አላት። ዘበኛው አጠገቡ እንደቆመ ዴቢት ካርዱን አወጣና የጎደለውን ሁሉ ከፈለ። አንዲት ሳንቲም አላስቀነሰም። ካርዱን ሲያቀብላት ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ፤ ዘበኛውን ፈርቶ ይሁን ሙሉ ዋጋ መክፈል ከብዶት፣ መዝገቡ እስከ ዛሬ መለየት አልቻለም። ሴትዮዋ ዘበኛውን በዓይኗ መለሰችውና ላይሰንሱን ሰጠቻቸው።

መኪና ውስጥ ይርጉ፣ ሳልከራከር መክፈሌን ለሰው ብትናገር ተጣላን አለው።

ከወር በኋላ መዝገቡ በረዶና ዓሣ የሞላ ኩለር ጭኖ ካሮልተን መጣ። ትልቁን ዓሣ ለይርጉ በነጻ ሊሰጠው ነበር ሐሳቡ። ስጦታ ነው ሊል ሲል ግን፣ ይርጉ እጅጌውን ሰብስቦ ዓሣውን እያገላበጠ ሲያጣጥል አየው፤ ዓይኑ ፈዟል፣ ጅራቱ ከስቷል ይላል። ፊቱ ላይ ያለው ደስታ የሕፃን ነው። መዝገቡ ሊል የነበረውን ዋጠና፣ ሰውየው የሚያስቀንሰው እንዳያጣ፣ ለሌላው ከሚሸጥበት ሦስት እጥፍ ዋጋ ጠራለት።