የሊቀ ሐይቅ ቡሾች

በሐይቅ ዳር ከተማ ሁሉ፣ ሐይቁን ከዓሣ አጥማጁም ከጀልባ ነጂውም በላይ አውቃለሁ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ዋና አይችልም።

የእኛው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሊቀ ሐይቅ እንላቸዋለን። ሜትራቸው ከአንገታቸው ሳይወርድ ጠዋት ጠዋት ወደቡ ላይ ይሰየማሉ። የመንገደኛ ጀልባ መንዳት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እሳቸው ሳይመክሩኝ ገመድ የፈታሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

«ልጄ፣ ሐይቅ በበጋና በክረምት አንድ አይደለም! በበጋ ነፋሱ የላዩን ውሃ ወደ ምዕራብ ይነዳዋል፤ የታችኛው ተሸሽጎ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። ክረምት ሲገባ ነፋሱ ይዞርና ሁሉም ይገለበጣል። ገበሩ ወደ ውጭ ወጣ ማለት ነው!»

ይህን ለእኔ! ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይሄ ነው። ፀጉር ቤት ይሉታል፣ ቀብር ላይ ይሉታል። እህቴ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ስንጨነቅ እንኳ ስለ ውሃ መገልበጥ አስረድተውናል።

ዋናው መዓት ግን ቡሹ ነው። በየሰኞው ቁጥር የጻፉባቸውን የጠርሙስ ቡሾች፣ የበጋውን በቀይ፣ የክረምቱን በሰማያዊ ክር ጠምጥመው ሐይቁ ውስጥ ይወረውራሉ። ቡሽ ያገኘ ሁሉ ቀኑንና ቦታውን የመናገር ግዴታ አለበት።

«የት አገኘኸው? መቼ?»

«ጣልኩት።»

«እውቀት ጣልክ!» ይሉኛል፣ በመንገደኞቼ ፊት። ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ሳምንት ወደቡ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ሊዛወር ነው ተባለና ስብሰባ ተጠራን። ቦታውን ሊያጠና የተላከው መሐንዲስ በበጋ፣ ያውም አራት ቀን ብቻ ለክቶ፣ «ውሃው የረጋ ነው» አለ። ክረምት ላይ እዚያ ሰማንያ ሰው ጭኖ ከዳርቻው ዓለት ጋር የሚታገለው እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ይህንኑ ብናገር «ማስረጃ አለህ?» አለኝ።

ሊቀ ሐይቅ ተነሡ። «ልጄ፣ ሰው ቁጭ ባለበት ተለክቶ ሱሪ ይሰፋለታል?»

«አባባ፣ ይቀመጡ። ይሄ ልብስ ስፌት ቤት አይደለም» አለ መሐንዲሱ።

አዳራሹ ሳቀ። ሊቀ ሐይቅ ቀስ ብለው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ይጠቀልሉት ጀመር። ሲያወርዱት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

እኚህን ሰው ዝም በሉ ማለት የእኛ ፈንታ ነው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተነዘነዝነው እኛ ነን፤ የአራት ቀን እንግዳ ምን አግብቶት ነው?

እየሮጥኩ ወርጄ ከጀልባዬ መቀመጫ ሥር ያለውን ጆንያ አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ሁለት መቶ ስድሳ ቡሽ። ያገኘሁበትን ቀንና ቦታ እያንዳንዱ ላይ በእጄ ጽፌያለሁ። ለሊቀ ሐይቅ የነገርኳቸው እንደሆን ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው የደበቅሁት። ባለ ቀይ ክሩ ሁሉ ከምዕራብ የተለቀመ ነው፤ ባለ ሰማያዊው ሁሉ ከምሥራቁ ዓለት ሥር።

መሐንዲሱ ቡሾቹን እያገላበጠ ብዙ ቆየ። በመጨረሻም ክረምቱን ጠብቆ እንደገና ሊለካ ተስማማ።

ሊቀ ሐይቅም አንድ ቡሽ አንሥተው ወደ መነጽራቸው አስጠጉ። አሁንስ ያመሰግኑኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ቁጥር አርባ አንድ!» አሉ ለአዳራሹ ሁሉ። «ስምንት ዓመት ፈልጌዋለሁ! ይሄ ሌባ ጣልኩት ነበር እኮ የሚለኝ!»

ይህን ብለው ሜትራቸውን መልሰው አንገታቸው ላይ አደረጉት።