የወባ መድኃኒት በጀሪካን

ሰው መጠጣት ሲያምረው ሰበብ አያጣም። ሲከፋው ለመርሳት፣ ደስ ሲለው ለማድመቅ፣ ሲበርደው ለሙቀት ይጠጣል። እኔን የሚገርመኝ ግን እኛ፣ ክልሉ አዲስ ሲቋቋም ከደጋ ተመድበን አሶሳ የወረድን ሠራተኞች፣ ያገኘናት ሰበብ ናት፦ አረቄ ወባን ይከላከላል! ማን እንደነገረን እንጃ። ብቻ አዲስ ተመዳቢ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ምክሯ ትደርሰው ነበር።

ምክሯን ከሁላችን አጥብቆ የያዛት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጋሻው ነው። ጠዋት አንድ መለኪያ፣ ማታ አቅሙ እስከፈቀደ። «እነዚህ የበርታ ብሔረሰብ ጎረቤቶቻችን እኮ ሙስሊም ናቸው፤ ጠብታ አይቀምሱም። ታዲያ ወባ እንዴት አልጨረሳቸውም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እነሱማ ለምደውታል» አለኝ። እሱም መልስ ሆኖ!

እያደር ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ይኸው፣ ወባ!» ተባለ። አንድ መለኪያ ሲቀምስ መንቀጥቀጡ ጸጥ ይላል። እስቲ ፍረዱ፣ እናንተስ ብትሆኑ ይህን እያያችሁ በመድኃኒቱ አታምኑም? ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሆዱ ሲነፋ ግን ሆስፒታል ወሰድነው። ደሙ ቢመረመር ወባ የሚባል የለም፤ የተጎዳው ጉበቱ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! ሐኪሙ «ከእንግዲህ ብትቀምስ ትሞታለህ» አለው። ጋሻው አፈረ መሰለኝ፣ ለሚስቱ «ወባ ነው» እንድንላት አስማለን።

ሚስቱ አለምነሽ ከጎጃም ስትደርስ የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳታራግፍ አልጋው አጠገብ ጀሪካን አስቀመጠች። በገዛ እጇ ያወጣችው ዳግም አረቄ ነው።

«ለወባ ፍቱን ነው ስትለኝ ቶሎ ብልክልህ ኖሮ እንዲህ አትሆንም ነበር» አለችና እያለቀሰች በኩባያ ቀዳችለት።

ኩባያውን አየ፤ እኔን አየኝ። ዝም በል ማለቱ ነው። እጁን ዘርግቶ ኩባያውን ያዘ።

አላስቻለኝም። «እትዬ አለምነሽ፣ ወባ አይደለም። የሚገድለው ይሄ ነው» አልኳት።

ትጮኻለች ስል አልጮኸችም። ኩባያውን ከእጁ ተቀበለች፣ ጀሪካኑን አንስታ ደጅ ወጣች፣ ሁሉንም መስኮቱ ሥር ደፋችው። ሽታው ሲገባ ጋሻው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ተመልሳ እጁን ያዘችው።

ለእሷ ይሁን ለአረቄው ያለቀሰው፣ ነገሩ ሲከነክነኝ ኖሮ፣ ከዳነ በኋላ ጠየቅኩት።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «ያን ቀንማ እኔም አልለየሁትም።»