የአቶ ዱካሞ የማያልቅ ሽምግልና

ሁለት ሐበሻ በተገናኘበት ጠብ አይጠፋም፤ ሦስተኛው ከመጣ ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ ነው የሚመጣው። አንዳንዱ ተለምኖ ይሸመግላል። አንዳንዱ ግን ጠቡን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ካጣም እስኪፈጠር በትዕግሥት ይጠብቃል። ክቡር አቶ ዱካሞ ከሁለተኞቹ ናቸው።

ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ውስጥ ሃያ ዓመት ሱቅ ሲነግዱ ባልና ሚስት፣ ሸሪክና ሸሪክ፣ መዘምራንና ፓስተር አስታርቀዋል። ደንበኛ ዳቦ ሊገዛ ሲመጣ «ሳውቦና!» ብለው በዙሉ ቋንቋ ሰላምታ ሰጥተው «ትንሽ ታገሥ፣ ሰው ይዣለሁ» ይሉት ነበር።

ከዚያ የመርሳት በሽታ መጣ። ልጃቸው ፍሬገነት ሁለት ዓመት ቤቷ አስታመመቻቸው። የጋዝ ምድጃውን ሁለቴ ከፍተው ሲረሱት ግን ጨነቃትና ኬምፕተን ፓርክ ካለው የአረጋውያን መኖሪያ አስገባቻቸው። ዘመድ ሁሉ «አባቷን ለባዕድ ሰጠች» አለ። ነገሩ አጥንቷ ድረስ ገባ። እሳቸው ግን ሳምንት ሳይሞላቸው ሥራ ጀመሩ።

ሚስተር ቫን ዊክና ሚስስ ንድሎቩ በሳሎኑ መስኮት ይጣሉ ነበር፤ እሱ ይከፈት ይላል፣ እሷ ይዘጋ ትላለች። አቶ ዱካሞ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ሁለታችሁም አጥፍታችኋል!» ብለው አጨባበጧቸው። በማግሥቱ ማስታረቃቸውን ረስተው እንደገና አስታረቁ። ሁለቱ መስኮቱን ከተዉት ወራት ቢያልፉም፣ ሽማግሌው እንዳይከፋቸው እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ይጨባበጣሉ።

ችግር የመጣው፣ ጥሩምባ የሚነፋፉ ሁለት የታክሲ ሾፌሮችን ሊያስታርቁ ከግቢ ወጥተው አስፋልት መሃል የቆሙ ዕለት ነው። የመኖሪያው ኃላፊ ሲስተር ኖምሳ ፍሬገነትን ጠርታ፣ በሩ ቀን ከሌት ወደሚቆለፍበት ሌላ ተቋም ይዛወሩ አለቻት። ፍሬገነት ደነገጠች። አባቷ ሽንት ቤቱን የሚያገኙት ከአልጋቸው በስተግራ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ወደ ምግብ አዳራሹም የሚወስዳቸው የለመደ እግራቸው ነው። ሌላ ቦታ ሄደው ይህንንም ካጡ ምን ይቀራቸዋል?

«እዚሁ ይቆያሉ!»

«መኪና ቢገጫቸውስ?»

ድምፅ ከፍ አለ። ድምፅ ከፍ ባለበት ደግሞ ማን እንደሚመጣ ይታወቃል። አቶ ዱካሞ ኮታቸውን ቆልፈው ገቡ፣ ወንበር ስበውም መሃል ተቀመጡ።

«ሁለታችሁንም ለየብቻ ነው የምሰማው። አንቺ ውጪ ቆዪ» ብለው የገዛ ልጃቸውን አስወጡ።

ፍሬገነት ገርበብ ባለው በር «ዋት ሃፕን፣ ማይ ሲስተር?» ሲሉ ሰማች። ኖምሳ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ማውራት ጀመረች፤ ማቆምም አቃታት። ያን ዕለት ጫማዋን ጥላ አስፋልቱ ላይ የሮጠችው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል። «አንቺስ እንዴት ሆንሽ?» ያላት ሰው ግን አልነበረም። ፍሬገነትም ብትሆን አላለቻትም፤ ይህን ስታስብ አፈረች።

ሁለቱም ሲቀርቡ ፍርዱ በአማርኛ ተሰጠ።

«የምትጨነቁት ለአንድ ሽማግሌ ነው፤ ታዲያ ምን ያጣላችኋል? ሰውየው የለመዱበት ይቀመጡ። ወደ በሩ ሲሄዱ ሰው አብሯቸው ይሂድ። በሉ ተነሱና ተቃቀፉ! ካልታረቃችሁ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ፍሬገነት አንዲትም ሳታስቀር ተረጎመች። ተቃቀፉ። ኖምሳ በሩ ላይ ደወል እንደምታስገጥም፣ ከሰዓት በኋላም አብሯቸው የሚሄድ ሠራተኛ እንደምትመድብ ተናገረች። «ሦስት ወር እንሞክረው» አለች። ፍሬገነት ዘመድ ያላትን ሁሉ ለአፍታ ረሳች። አባቷ ባዕድ እጅ አልወደቁም ነበር።

ኖምሳ ስትወጣ አቶ ዱካሞ ከወንበራቸው አልተነሱም። ፍሬገነትን ትክ ብለው አዩዋት።

«አንቺ ግን ሌላ ጠብ አለብሽ። ፊትሽ ያስታውቃል። ከማን ጋር ነው?»

አላወቋትም።

«ከአባቴ ጋር» አለች። «ቤቴ ማስታመም አቅቶኝ ሰው ጋ አስቀመጥኳቸው።»

«ተቀይመውሻል?»

«እንጃ። ልጠይቃቸው ፈርቼ ነው።»

አቶ ዱካሞ ጉልበቷን መታ መታ አደረጉ።

«ግድ የለሽም፣ በጊዜ ወደ ሥራሽ ሂጂ። አባትሽን ለእኔ ተይልኝ፤ እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»