ጋሽ መመሪያ እና ግራ የገባው ማዳመጫ

ሰው ሁሉ አዲስ ዕቃ ሲያገኝ ወይ ካርቶኑን ይቀድዳል፣ ወይ መመሪያውን ያነባል። ሁለተኛው ዓይነት ሰው ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ፈጣሪ ለየመሥሪያ ቤቱ አንዳንድ ሳያጓድል አድሏል። ማራገቢያው በሦስተኛው ፍጥነት ለምን እንደሚንቀጠቀጥ፣ የውሃ ማጣሪያው በስንት ወሩ እንደሚታጠብ ያውቃል። ሳትጠይቁት ይነግራችኋል፤ የጠየቃችሁት እንደሆነ ደግሞ አይጨርስም።

ታሪኳን የምነግራችሁ ቃለ ጉባኤ ያዧ በምትሠራበት ቢሮ ይህ ማዕረግ የንብረት ክፍል ኃላፊው ነበር። ትክክለኛ ስማቸው ከደመወዝ መክፈያው ላይ በቀር የትም አይነሳም። ትልቁም ትንሹም "ጋሽ መመሪያ" ነው የሚላቸው።

ክቡር ጋሽ መመሪያ ዕቃ አይሰጡም፣ ዕቃ ይድራሉ። ስቴፕለር ሊወስድ የሄደ ሰው ሩብ ሰዓት ቆሞ ስለ ሽቦው አጎራረስ ተምሮ ይመለሳል። "ሳያነቡ መንካት፣ ሳያዩ መርገጥ" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ጥበቃው አንድ ቀን የእጅ ባትሪ ሊረከብ ሄዶ "አውቀዋለሁ ጋሼ" ቢላቸው፣ "ማወቅህን አውቃለሁ፤ የማታውቀው ገጽ አራት ላይ ያለውን ነው" ብለው አስቀመጡት። ሰውዬው ይኸው እስከ ዛሬ ፈረቃው ባለቀ ቁጥር ድንጋዮቹን እያወጣ በጨርቅ ይጠቀልላል።

መመሪያው በአስራ አንድ ቋንቋ ቢጻፍ እሳቸው አስራ አንዱንም ያያሉ። አንዱን ያነቡታል፣ በቀሩት ውስጥ ሥዕሉ እንዳልተዛባ ያጣራሉ።

ሰው ሁሉ ሲሸሻቸው የማትሸሻቸው ቃለ ጉባኤ ያዧ ብቻ ነበረች። ጠረጴዛዋ ከመጋዘኑ በር አጠገብ ነው። ጋሽ መመሪያ ሥራ ሲፈቱ ወንበራቸውን ይጎትቱና በግራዋ በኩል ተቀምጠው ያወጋሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራባቸው አታውቅም። "የኢዮብን ትዕግሥት ነው የሰጠሽ" ይሏታል ባልደረቦቿ። እውነቱን ለመናገር ግን የጋሽ መመሪያ ወሬ ለእሷ እንደ ማቀዝቀዣ ድምፅ ያለ ጉርምርምታ ነበር። ሰውዬው በተፈጥሯቸው ዝግ ብለው የሚያወሩ ይመስላት ነበር። ሲስቁ ትስቃለች፣ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ትነቀንቃለች።

አንድ ሰሞን ቢሮው ሁለት ማይክ ያለው አዲስ መቅረጸ ድምፅና ጥሩ የሚባል የጆሮ ማዳመጫ ገዛላት። አንደኛው ማይክ በሰብሳቢው ፊት፣ ሁለተኛው በአባላቱ ፊት የሚቀመጥ ነው፤ የድሮው ባለ አንድ ማይክ ነበር። አሮጌው ማዳመጫዋ በፕላስተር ተጠጋግኖ ጆሮዋን ሲበላት ስለኖረ፣ አዲሱን እንደ ሙሽራ ልብስ ነበር የጠበቀችው። ጋሽ መመሪያ ሦስት ቀን አቆዩት።

"ጋሼ፣ ሥራ ተከመረብኝ እኮ።"

"እየተሟሸ ነው።"

"ምኑ?"

"አዲስ ድስት ሳይሟሽ ይጣድበታል? ሙዚቃ ከፍቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አርባ ሰዓት ይፈልጋል።"

እውነትም መሳቢያው ሦስት ቀን ሙሉ ብቻውን ሲያንጎራጉር ሰነበተ። ይህች እንኳ መመሪያው ላይ የለችም፤ ከራሳቸው የጨመሯት ናት።

በአራተኛው ቀን ርክክብ ሆነ። "ፀጉርሽን ወደ ኋላ ሰብስቢ፣ ትራሱ ቆዳሽ ላይ ካልገጠመ ድምፁ ይሾልካል። ድምፁን ከግማሽ አታሳልፊ፣ ጥሩ ማዳመጫ መጮህ አያስፈልገውም። በእርጥብ ጨርቅ እንዳትወለውዪው። ስትጨርሺ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ማኅደሩ ውስጥ።" እሺ፣ እሺ እያለች አጠለቀችው።

እንዲህ ያለ ድምፅ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። ወረቀት ሲገለበጥ፣ እስኪሪብቶ ሲከደን፣ አንዱ አባል ውሃ ሲውጥ ጉሮሮውን ሳይቀር ሰማችው። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ስትጽፍ ዋለች። የሰብሳቢው ድምፅ ብቻ ከግድግዳ ማዶ ያለ ይመስል ነበር። ማይካቸውን ሳይከፍቱት ቀርተው ነው ብላ አለፈችው።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ጠራቻት። ቃለ ጉባኤው ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቷል።

"አባል አንድ፣ 'አዎ፣ ይቻላል።' አባል ሁለት፣ 'እሱስ እውነት ነው።' ውሳኔ፣ 'ሁሉም ተስማምተዋል።' በምንድን ነው የተስማሙት?"

"ሰብሳቢው ብዙም የተናገሩ አይመስለኝም።"

"ሰብሳቢው ሳይናገሩ የዋሉበትን ቀን እኔም ባየሁት ደስ ባለኝ" አለች ሥራ አስኪያጇ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የሐሙሱም እንዲህ ከሆነ መዝገብ ቤት ትዛወሪያለሽ።"

ቃለ ጉባኤ ያዧ አስራ አንድ ዓመት የሠራችው ይህንኑ ነው። ከአሳሳሉ አባሉን ትለያለች፤ ለመዋሸት የሚዘጋጅ ሰው መጀመሪያ ወንበሩን እንደሚያንቀሳቅስ ታውቃለች። መዝገብ ቤት ገብታ አቧራ ስታራግፍ ታያት። ማዳመጫውን ይዛ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄደች።

"ጋሼ፣ ይመለስልኝ። ግራው ሞቷል።"

"ዕቃ አይሞትም፣ ይታመማል" አሉና ራሳቸው አጥልቀው አዳመጡ። "ደህና ነው። ሰብሳቢው በግራ፣ አባላቱ በቀኝ።"

"ለኔ አይሰማኝም። ግራ ገባኝ።"

"ግራውማ መች ገባሽ" ብለው በራሳቸው ቀልድ ከልባቸው ሳቁ። "እስቲ ገልብጠሽ አድርጊው።"

ገልብጣ አጠለቀች። ወዲያው ሰብሳቢው ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ጥርት ብለው "እንግዲህ ስብሰባችን ተከፍቷል" አሉ። አሁን የጠፉት አባላቱ ናቸው። "ሰብሳቢው መጡ፣ አባላቱ ጠፉ" ብላ ቀና ስትል ጋሽ መመሪያ መሳቅ አቁመዋል። መመሪያውን ከድነው ብድግ አሉ። በግራዋ ቆመው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች። ማዳመጫውን ስታወልቅ ዞረው በቀኟ መጡ።

"ዕቃው ደህና ነው፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው።

ሐኪሙም ያንኑ ነው ያላት። ግራ ጆሮዋ በልጅነቷ፣ ምናልባት በትኩሳት፣ ሥራውን ትቷል፤ ቀኙ ጤነኛ ስለሆነ እንድትንከባከበው መከራት። ከክሊኒኩ ወጥታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች። እናቷ "ይቺ ልጅ ስጠራት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች" ብላ ስንት ጊዜ ቆንጥጣታለች። በግራዋ ሰላም ብሏት መልስ ያጣ ጎረቤት ሁሉ ኩራተኛ ሲላት ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነበር። የእሷ ግን የምሩን ባዳ ሆኖ ኖሯል፤ ያንን የነገራት እናትም ባልም አይደለም፣ ያ ሁሉም የሚሸሸው ሰውዬ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ መመሪያ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። መመሪያውን ቤት ወስደው ከዳር እስከ ዳር ሲያነቡት ነው ያደሩት።

"ገጽ ስልሳ አንድ" አሉ መቅረጸ ድምፁን እያሳዩ። "እነዚህን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነሽ እስከ ሦስት ቁጠሪ። የግራው ድምፅ ከቀኙ ጋር ይቀላቀልና በሁለቱም በኩል ይመጣል።"

ተጫነች፣ ቆጠረች። ሰብሳቢውና አባላቱ አንድ ጆሮ ውስጥ ተገናኙ። የዚያን ቀኑ ቃለ ጉባኤ አንዲት ቃል አልጎደለውም። ሥራ አስኪያጇ አገላብጣ አይታ፣ "የሰብሳቢውን ንግግር በሙሉ ማስገባት እንኳ ግዴታ አልነበረም" ብላ ፈረመችበት። የመዝገብ ቤቱ ወሬ በዚያው ቀረ።

ቃለ ጉባኤ ያዧ እንዴት እንደምታመሰግናቸው ጨነቃት። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" ብላ ጎንበስ ስትል፣ "እኔን ሳይሆን ገጽ ስልሳ አንድን" አሏት።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲፈቱ ወንበራቸውን እንደ ልማዳቸው ጎተቱ። ግራዋ ጋ ሲደርሱ ግን አላቆሙም፤ ጠረጴዛውን ዞረው በቀኟ ተቀመጡ።

"ቆይ" አሉ። "ስድስት ዓመት ሙሉ ስነግርሽ የኖርኩትን አልሰማሽም ማለት ነው?"

ልትዋሽ አሰበች። ግን መዋሸቱ ከበዳት።

"ግማሹን ያህል ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።"

ጋሽ መመሪያ አልተቀየሙም። ወንበራቸውን አስጠጉና መነጽራቸውን ወለወሉ። "እንግዲያው ከገጽ አንድ እንጀምራለን" አሉ።

ቃለ ጉባኤ ያዧ ማዳመጫውን አውልቃ ማኅደሩ ውስጥ አስገባችው፤ ፀጉሯንም ከቀኝ ጆሮዋ ላይ ሰበሰበች።